ስምንት ሰዓት ፋልማውዝ ላይ

«ይኼ አገር ነው ወይስ ሱቅ?» አሉ እናትየው፣ ከመርከቡ ወርደው ትንሽ እንደተራመዱ።

ልጃቸው ሳቀች። እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር የጠየቁት። ከመርከቡ መውረጃ ጀምሮ እስከ ወደቡ አጥር ድረስ ያለው ሁሉ ሱቅ ነው። አልማዝ ቤት፣ የእጅ ሰዓት ቤት፣ ሽቶ ቤት፣ ቲሸርት ቤት። በዓለም ላይ ታንዛኒያ ውስጥ ብቻ የሚወጣው ታንዛናይት የሚባለው ሰማያዊ ድንጋይ እንኳ እዚህ ጃማይካ ወደብ ላይ በመስታወት ውስጥ ተደርድሮ ለአሜሪካ ጎብኚ ይሸጣል። አንዱ ደጃፍ ላይ የቡና ሽታ መጣ። እናትየው ሽታውን ተከትለው ገቡ። «ብሉ ማውንቴን» የሚባለው የጃማይካ ቡና ነው። ልጅቱ ዋጋውን ስትነግራቸው ከረጢቱን ወደ መደርደሪያው መለሱት።

«ይኼማ የኛው ቡና ነው። ፓስፖርት ቀይሮ ነው እንጂ» አሉ።

ቀልድ ነው፤ እውነትም አለው። ቡና ጃማይካ የገባው በ1728 እ.ኤ.አ. ከማርቲኒክ ደሴት በመጣ ችግኝ ነው። ችግኙ ወደ ኋላ ቢቆጠር መነሻው ኢትዮጵያ ነው። ፓስፖርት የቀየረው ደግሞ ቡናው ብቻ አይደለም። እናትም ልጅም ቦርሳቸው ውስጥ ያለው ሰማያዊው የአሜሪካ ፓስፖርት ነው።

ልጅቱ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር ነርስ ናት። አሥራ ስምንት ዓመት የሌሊት ተራ ሠርታለች። እናቷን ከደሴ ካመጣቻቸው ዘጠኝ ዓመት አልፏል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እናትየው ያዩት አሜሪካ አፓርታማውን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ የሐበሻ መደብሩን እና የሐኪም ቤቱን መጠበቂያ ወንበር ነው። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ጉልበታቸው እየደከመ ሲመጣ ልጅቱ «ሳይመሽ አንድ ነገር ላሳያት» አለች። የሥራ ባልደረቦቿ ስለ መርከብ ጉዞ ሲያወሩ ትሰማ ነበር። ጥር 2017 ላይ፣ ከፍሎሪዳ ተነስቶ ካሪቢያንን ለሰባት ቀን የሚዞር መርከብ ላይ ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ያዘች። መስኮት የለውም። መስኮት ያለው ይወደዳል።

*

እንዲህ ያለው መርከብ ተንሳፋፊ ከተማ ይባላል። ትልልቆቹ ከ5,000 በላይ መንገደኛ፣ ከ2,000 በላይ ሠራተኛ ይይዛሉ። ነገር ግን ከተማ አገር አለው። መርከቡ አገሩ የት ነው ቢባል መልሱ ያደናግራል። የግዙፎቹ ኩባንያዎች ዋና ቢሮ ማያሚ ነው። በሕግ የተመዘገቡት ግን ሌላ አገር ነው፤ አንዱ ለምሳሌ ላይቤሪያ። መርከቦቹ የሚያውለበልቡት ባንዲራ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የባሃማስ ወይም የፓናማ ነው። አልጋ የሚያነጥፈውና ሳህን የሚያነሳው ፊሊፒናዊ፣ ህንዳዊ ወይም ኢንዶኔዥያዊ ነው። በአንድ አገር ይሸጣል፣ በሌላ ይመዘገባል፣ በሦስተኛ ይቀጥራል።

መርከቡ ደሴት ላይ የሚቆመው ደሴቱ ስለሚያምር ብቻ አይደለም። በ1886 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ሕግ አለ። የውጭ ባንዲራ የሚያውለበልብ መርከብ ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ወደ ሌላ የአሜሪካ ወደብ መንገደኛ እንዳያጓጉዝ ይከለክላል። ከአሜሪካ ተነስቶ ወደዚያው ወደብ የሚመለስ ጉዞም ቢሆን መሃል ላይ የውጭ አገር ወደብ መርገጥ አለበት። ሥዕሉ ላይ የኮኮናት ዛፍና ነጭ አሸዋ ይታያል፤ ከሥዕሉ ጀርባ ግን ይህ ሕግ አለ።

ደሴቶቹም ይህን ያውቃሉ። መርከብ መንኮራኩር እንዳለው ሆቴል ነው፤ ዋጋ ካልተስማማው ነቅሎ ይሄዳል። ደሴት መሄጃ የለውም። ሜክሲኮ በአንድ የመርከብ መንገደኛ 42 ዶላር ልታስከፍል አስባ፣ ከኩባንያዎቹ ጋር ከተደራደረች በኋላ ከ2025 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ በ5 ዶላር ተስማማች። ሜክሲኮን የሚያህል አገር እንዲህ ከሆነ ትንንሾቹ ምን አቅም አላቸው? አንዳንዱ ኩባንያ ከናካቴው የራሱን ደሴት ይዟል። ሄይቲ ሰሜን ጠረፍ ላይ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በኪራይ የተያዘ፣ በአጥር የተከለለ የባሕር ዳርቻ አለ። ጎብኚው ሄይቲን ሳያይ ሄይቲ ገብቶ ይወጣ ነበር።

ፋልማውዝ ከዚህ ትሻላለች። ቢያንስ የአጥሩ በር ይከፈታል። ከተማይቱ የተቆረቆረችው በ1769 እ.ኤ.አ. ነው። ከዙሪያዋ ካሉ እርሻዎች በባሪያ ጉልበት የተመረተው ስኳርና ሩም ወደ እንግሊዝ የሚጫነው ከዚህ ነበር። የዛሬው ግዙፍ የመንገደኛ ወደብ በ2011 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር የከተማው ሰው «ጊዜው ተመለሰ» ብሎ ነበር። ግን አብዛኛው መንገደኛ ወይ አጥሩ ውስጥ ገዝቶ ይመለሳል፣ ወይ መርከቡ ላይ አስቀድሞ የከፈለበት አውቶቡስ ውስጥ ገብቶ ወደ ፏፏቴ ይሄዳል። ከአጥሩ ውጭ ያለው ነጋዴ የአውቶቡሱን መስኮት ሲያልፍ ያያል።

«ሰው ወዳለበት ውሰጂኝ» አሉ እናትየው።

*

ከበሩ ሲወጡ የታክሲ ሾፌሮች ከበቧቸው። አንዱ የዩሴን ቦልትን የትውልድ መንደር ላሳያችሁ አለ። እውነቱን ነው፤ ቦልት የዚሁ የትሪሎኒ አውራጃ ልጅ ነው። ልጅቱ ተረጎመችላቸው። «ሯጭማ እኛም አለን በዪው» ብለው አለፉት።

ፀሐዩ ከባድ ነበር። እናትየው ነጠላቸውን ጭንቅላታቸው ላይ አደረጉ። ቀለማቸው የተላጠ የድሮ የእንግሊዝ ቤቶች፣ በረንዳ ላይ ካርታ የሚጫወቱ ሽማግሎች፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች አሉ። አንድ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ፊት ቆሙ። ዊልያም ኒብ የሚባለው ሰባኪ ያገለገለበት ነው። ሐምሌ 31 ቀን 1838 እ.ኤ.አ. ሌሊት፣ ባርነት ፈጽሞ ሊያበቃ ሰዓታት ሲቀሩት፣ የነጻነቱ ሰዎች እዚህ ተሰብስበው የሬሳ ሣጥን ሠሩ። ውስጡ ጅራፍ፣ ሰንሰለትና የአንገት ብረት ከተቱና ልክ እኩለ ሌሊት ሲሆን ቀበሩት። ልጅቱ ይህን ከስልኳ ላይ እያነበበች ነገረቻቸው።

እናትየው አማተቡ። «ሰው ነው እንጂ ብረት ሲቀበር ሰምቼ አላውቅም» አሉ።

ሰውዬው ያገኛቸው ከዚያ ትንሽ እልፍ ብሎ ነው። ስልሳ ዓመት ያለፈው፣ ሽበት የገባው ድሬድ ፀጉሩን በአረንጓዴ ቢጫ ቀይ ሹራብ ኮፍያ የጠቀለለ፣ ከሰል ላይ ትልቅ ድስት ጥዶ ምግብ የሚሸጥ ሰው ነው። መጀመሪያ ያየው የነጠላውን ጥለት ነው። ቀጥሎ የእናትየውን አንገት ንቅሳት። ማማሰያውን አስቀመጠና ተነሳ።

«ኢትዮጵያ?» አለ።

እናትየው ቃሉን ለመረዳት ተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። «አዎ ልጄ፣ ኢትዮጵያ» አሉት።

እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። ከእንጨት የተሠራች አግዳሚ ጠረገላቸው። ዕለቱ ዓርብ ነበር። እናትየው ጠዋት መርከቡ ላይ ያን ሁሉ የእንቁላልና የሥጋ ዓይነት አልፈው በሻይና በዳቦ ነው የወረዱት። ስለዚህ ሲጋበዙ መጀመሪያ የጠየቁት «የጾም ነው?» ብለው ነው። ሰውዬው ጥያቄው ሲገባው ሳቀ። ራስታዎች «አይታል» የሚሉት ምግብ ነው፤ ሥጋ የለውም፣ ወተት የለውም፣ እሱ ሲሠራው ጨው እንኳ የለውም። ዱባ፣ ቦሎቄ፣ ካላሉ የሚሉት ጎመን መሳይ ቅጠል፣ በኮኮናት ወተት የተቀቀለ። እናትየው ቀመሱና ወደ ልጃቸው ዞሩ። «እኛ በጾም ጨው አልከለከልንም። እነዚህ በረቱ» አሉ። በላባቸው ግን እስኪያልቅ በሉት።

ከድስቱ በላይ፣ ጣውላው ላይ፣ ዘውድ የደፋ ሰው ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። እናትየው ቀና ብለው አዩት።

«ጃንሆይ!» አሉ።

*

አንባቢ ታሪኩን ያውቀዋል። ራስ ተፈሪ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ ጃማይካ ውስጥ ያሉ ድሆች ዜናውን እንደ ትንቢት ፍጻሜ ሰሙት። ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ንጉሡ ኪንግስተን ሲያርፉ ሕዝቡ የአውሮፕላን ማረፊያውን ሥርዓት ጥሶ አውሮፕላኑን ከበበው። መውረድ አልቻሉም። ሞርቲመር ፕላኖ የሚባል የራስታ መሪ ደረጃውን ወጥቶ ሕዝቡን አረጋግቶ ነው ያስወረዳቸው። ያ ቀን እስከ ዛሬ በዓል ነው። የሰውዬው አያት ያኔ ንጉሡ በባቡር ሲያልፉ ለማየት ሌሊቱን ሙሉ ጣቢያ ላይ አድራለች።

«እናትሽ አይታዋለች?» አለ ሰውዬው። ድምፁ ተለውጦ ነበር።

ልጅቱ ጠየቀቻቸው። እናትየው ሳህኑን አስቀመጡ።

«አይቻቸዋለሁ በዪው። ደሴ መጥተው ተማሪ ቤት አሰልፈውን ነበር። ቁመታቸው አጭር ነው፤ ዓይናቸው ግን ያስፈራል። ብርቱካን ሰጡኝ፤ በእጃቸው። አልበላሁትም፤ እስኪደርቅ አስቀመጥኩት። በኋላ ደግሞ በስልሳ አምስት ወሎ ራበ። የአክስቴ ልጆች ከራያ በእግራቸው ተነሱ፤ ሦስት ነበሩ። ደሴ አልደረሱም። አንዷን እኔው ነኝ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኋት። ጃንሆይ አልሰማንም ነበር አሉ። ንጉሥ እንዴት አይሰማም? ይኼንንም ንገሪው።»

ልጅቱ ወደ ሰውዬው ዞረች። «አይታቸዋለች። ልጅ ሆና ብርቱካን በእጃቸው ሰጥተዋታል» አለችው።

ሰውዬው ዓይኑን ጨፈነ። «ብርቱካን» አለ ለራሱ። ከጎኑ ማንጎ የምትሸጠውን ሴት ጠርቶ ነገራት። ከዚያ ተመልሶ ልጅቱን አያት።

«እናትሽ ብዙ ተናገረች። አንቺ ትንሽ ነው የነገርሽኝ» አላት።

ይህ ነርሷን ያገኛት ቦታ ላይ ነው። እሷ በምትሠራበት ሆስፒታል ቤተሰብ ለበሽተኛ እንዳይተረጉም ይመከራል። ምክንያቱን ለአዲስ ሠራተኞች የምታስረዳው ራሷ ናት፦ ቤተሰብ ስለሚወድ ይቆርጣል፤ የተቆረጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሐኪሙ መስማት የነበረበት ነው። አሁን እሷው ቆርጣለች። ለሰውዬው አዝና ነው። ፎቶውን አይታ፣ ጎንበስ ማለቱን አይታ፣ ይህን ያህል ዕድሜውን የኖረበትን ነገር በአንድ ሳህን ዱባ ላይ ማፍረስ ከበዳት። ግን ደግሞ የእናቷን ሦስት ሙታን ነበር የቆረጠችው።

ሁሉንም ተረጎመችለት። ሳታለዝብ።

ሰውዬው ለረጅም ጊዜ ድስቱን አማሰለ። ልጅቱ ይቆጣል ብላ ነበር። «በመጽሐፍ አንብቤዋለሁ» አለ በመጨረሻ። «አላመንኩትም ነበር፤ ነጮች የጻፉት ነው ብዬ። ከሰው አፍ ስሰማው ይህ የመጀመሪያዬ ነው።» ቀጠለ። «አያቴ ሸንኮራ ስትቆርጥ የኖረች ሴት ናት። ሳንቲሙ ላይ ያለው ፊት ነጭ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያለው ፊት ነጭ ነው። ያን ቀን ባቡር ጣቢያ ላይ ሁሉም የሚሰግድለት ጥቁር ሰው አየች። ከዚያ ቀን በኋላ ማንም ፊት አንገቷን ደፍታ አታውቅም። እሱን ከእኔ ላይ ልትወስጂው አትችይም። የእናትሽንም እኔ ከእሷ ላይ አልወስድም።»

እናትየው ትርጉሙን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልክ ነው» አሉ። «እሷ ያየችውም እውነት ነው።»

*

ከዚያ ሰውዬው ተራው የእሱ ሆነ። አጎት ነበረው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ያለውን ሁሉ ሸጦ ሻሸመኔ ሄደ። ሚስት አገባ፣ ልጆች ወለደ፣ አማርኛ ተናገረ። እስኪሞት ድረስ ግን መታወቂያ አልነበረውም። «እኛ ስለ አገራችሁ ዕድሜያችንን ሙሉ ዘመርን። አገራችሁ ለምን እንግዳ ናችሁ አለችን?»

ጥያቄው ከባድ ነው፤ መሬቱን ያውቃል። ንጉሡ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለረዱ ጥቁር ሕዝቦች ብለው ሻሸመኔ ላይ አምስት ጋሻ መሬት የሰጡት በ1948 እ.ኤ.አ. ነው። ደርግ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን ሲወርስ አብዛኛው አብሮ ተወሰደ። የቀሩት ሰዎች ግን አልሄዱም። ዜጋም ሳይሆኑ፣ የሚመለሱበትም ሳይኖራቸው፣ ልጅ ወልደው ልጃቸው ሕጋዊ ሥራ መያዝ እየተቸገረ ኖሩ። መንግሥት የነዋሪነት መታወቂያ ሊሰጣቸው የወሰነው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። አጎትየው አልደረሰበትም።

እናትየው አሰቡ። «በእኛ አገር መታወቂያ ለእኛም ጣጣ ሆኗል በዪው» አሉ መጀመሪያ። ልጅቱ ሳቀች፤ ወዲያው ሳቋ ቆመ። ይህን ለመተርጎም ስንት ዓመት ማስረዳት እንደሚያስፈልግ ታወቃት። መታወቂያው ላይ የተጻፈው ብሔር፣ ኬላው፣ ከአውቶቡስ የሚወርደው ሰው። እናትየው ግን አልጨረሱም። «ስለ አጎትህ አፍራለሁ በዪው። የከለከልኩት እኔ አይደለሁም። ግን እንግዳ ደጃችን መጥቶ ሳናስገባው ሞቷል፤ አፍራለሁ።»

ሰውዬው ይህን ሲሰማ ማማሰያውን ለቀቀ። የጠየቀው ጥያቄ ልጅቱ ያልጠበቀችው ነበር። «የሦስቱ ልጆች ስም ማን ነው?» አለ።

እናትየው ሦስቱንም ስም አንድ በአንድ ጠሩ። ሰውዬው እየተሰናከለ ከኋላቸው ደገማቸው። የሁለተኛዋ ስም ላይ «ጠ» አልወጣለት ብሎ ሁለት ጊዜ አረሙት። ልጅቱ አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። እነዚህን ስሞች ከዚያ ቀን በፊት ሰምታቸው አታውቅም።

በእኛ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ስለ ንጉሡ ክርክር ሲነሳ ሁለት ወገን ብቻ ነው ያለው። አንዱ ብርቱካኑን ያያል፤ አንዱ ረሃቡን ያያል። ብርቱካኑን ያየ ስለ ረሃቡ ሲነገረው ዘር ይቆጥራል፤ ረሃቡን ያየ ስለ ብርቱካኑ ሲነገረው ይሳደባል። እናትየው ግን ሁለቱንም ያዩት በአንድ ዓይን ነው፤ አንዱን ለመናገር ሌላውን መካድ አላስፈለጋቸውም። ሰውዬውም እምነቱን አልጣለም። አልተስማሙም። ፎቶው ከተሰቀለበት አልወረደም። ግን አንዱ የሌላውን ሙት በስም ጠራ። በየመድረኩ «ብሔራዊ ምክክር» ሲባል የሚጠበቀው ምናልባት ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም፦ ሳይቆርጥ የሚተረጉም ሰው፣ እና «ቀሪውን ስጪኝ» ብሎ የሚጠይቅ ሰው።

*

9 ሰዓት ከሩብ ሆነ። 10 ሰዓት የመሳፈሪያው መጨረሻ ነው። መርከብ ሰው አይጠብቅም፤ የዘገየ በራሱ ወጪ ቀጣዩን ወደብ ይፈልግ ይላል ውሉ። ሰውዬው የምግቡን ገንዘብ አልቀበልም አለ። እናትየው «ነጋዴን በነጻ መብላት ነውር ነው» ብለው 20 ዶላር ሳህኑ ሥር ሸጎጡ። እናትና ልጅ ለዚያ ሳምንት ለመርከቡ የከፈሉት በሺህ የሚቆጠር ነው። ከዚያ ውስጥ ከአጥሩ ውጭ ላለችው ጃማይካ በእጅ የደረሰው ይኼው 20 ዶላር ነው። ልጅቱ አንድ ፎቶ አነሳች፦ እናቷና ሰውዬው ጎን ለጎን፣ በመሃላቸው ድስቱ፣ ከላያቸው ንጉሡ። ከዚያ እየተጣደፉ ሄዱ።

ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ሜሊሳ የተባለው አውሎ ነፋስ ጃማይካን መታ። በመለኪያው የመጨረሻው ደረጃ፣ ምድብ 5 ነበር። ከሁሉ የባሰው የደሴቲቱ ምዕራብ ነው። ጣራ ተገፈፈ፣ መንደር በጎርፍ ተዋጠ፣ ሰው ሞተ። ልጅቱ ዜናውን የሰማችው ከሌሊት ተራ ስትገባ ነው። እናትየው ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ ብለዋል።

«ያ ልጅ ቤቱ ተረፈለት?» አሏት።

ስልኳን አወጣች። ፎቶው አለ። ለማን ትላከው? መርከቡ የሁለቱን ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ የባንክ ካርድ፣ ያን ቀን ከመርከቡ የወረዱበትንና የተሳፈሩበትን ደቂቃ ሳይቀር መዝግቧል። ሰውዬው የሦስት የወሎ ልጆችን ስም በቃሉ ያውቃል። እነሱ ግን የእሱን ስም ሳይጠይቁ ነው የመጡት።

እናትየው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ለቄሱ የሚጸለይላቸውን ሰዎች ስም የሚጽፉባት ወረቀት አለቻቸው። በዚያ ሳምንት ልጅቱን አንድ መስመር እንድትጨምር አዘዟት። «ምን ብዬ ልጻፍ?» አለች።

«ፋልማውዝ ያበላን ሰው ብለሽ ጻፊ» አሉ። «እግዜር ስሙን ያውቀዋል። እኛ ነን የማናውቀው።»